የጋራ ጎተራ ሹም

ሰው ስለ ጦርነት ሲያወራ የሚያነሣው ጀግናውንና የጦር አለቃውን ነው። ማን ምሽግ ሰበረ፥ ማን ሰንደቅ ዓላማ ተከለ፥ ማንስ ቈስሎ አልሸሽም አለ እየተባለ በየአደባባዩ ይነገራል። ያ ጀግና በዚያች ቀን የበላውን እንጀራ ማን እንዳደረሰለት፥ የተኰሰውንም ጥይት ማን ገዝቶ በስንት ቀን መንገድ እንዳመጣለት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ነገር ግን የጦርን ነገር ጠንቅቆ የመረመረ ሰው ኹሉ እንደሚያውቀው፥ ስንቁ ያለቀበት ሠራዊት አለቃው ምንም ብልህ ቢኾን፥ ወታደሩም ምንም ደፋር ቢኾን፥ ጠላት ሳይነካው ይፈታል።

ይህን ለመረዳት ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በቀድሞው ዘመን ባገራችን ዘማች ስንቁን በአህያና በበቅሎ ጭኖ፥ ሚስቱንና አሽከሩን አስከትሎ፥ የራሱን መሣሪያ ይዞ ይዘምት ነበር። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት ድሉን ከማግኘቱ በፊት ስንቁ ሊያልቅ ተቃርቦ እንደ ነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች መስክረዋል። የዛሬው ወታደር ግን የመድፉን ጥይት፥ የመኪናውን ነዳጅ፥ የአውሮፕላኑን መለዋወጫ ከቤቱ ይዞ ሊመጣ አይችልም፤ የሚያቀርብለት መንግሥቱ ነው። እኛም ዛሬ ልንናገር ያሰብነው አንድ መንግሥት ለራሱ ሠራዊት ስለሚያቀርበው ስንቅ አይደለም። ብዙ መንግሥታት ተባብረው የጋራ ጎተራ ባቆሙ ጊዜ፥ በዚያ ጎተራ ላይ የሚሾመው ሰው እንዴት ያለ ሰው ሊኾን እንደሚገባና ሿሚዎቹም ምን ሊያደርጉለት ግዴታ እንዳለባቸው ነው። ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መኾናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ወዳጆች ኾነው ለየብቻቸው የሚገዙ መንግሥታት ሳያውቁት እርስ በርሳቸው ይጎዳዳሉ። በ1914 በተነሣው ታላቅ ጦርነት እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ በጦር ሜዳ አንድ ወገን ነበሩ፤ በስንዴ ገበያ ግን ተፎካካሪዎች ነበሩ። አንዱ ዋጋ ሲጨምር ሌላው ከዚያ በላይ እየጨመረ፥ ሻጩ ሲስቅ ሦስቱም ይደኸዩ ነበር። ስለዚህ በ1916 ስንዴውን በአንድነት የሚገዛ የጋራ ጉባኤ አቆሙ። ቀጥሎም አሜሪካ ከእነርሱ ጋራ በተሰለፈች ጊዜ፥ መርከቦቻቸው ምን ጭነው ወዴት እንደሚሄዱ በአንድነት የሚመክር ሌላ ጉባኤ አቋቁመው በ1918 ሥራውን አካሄዱት። በዚህ ሥራ ከደከሙት ሰዎች አንዱ ዣን ሞኔ የሚባል ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ፈረንሳዊ ነበረ። ይህ ሰው የጦር አለቃ አልነበረም፤ የነጋዴ ልጅ ነበረ። እርሱና ባልንጀሮቹ የተማሩት ትምህርት ግን ከብዙ ጄኔራሎች ትምህርት የሚበልጥ ነው። ይኸውም መንግሥታት በቃል ስለ ተዋደዱ ብቻ እንደማይተባበሩ፥ ያላቸውንና የጎደላቸውን በአንድ መዝገብ ላይ ጽፈው ሲተያዩ ግን መተባበር እንደሚጀምሩ ነው።

በዛሬው ዘመን የዚህ ዐይነት የጋራ ጎተራ ትልቁ ምሳሌ የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ማኅበር፥ በአጭሩ ኔቶ የሚባለው፥ ያቆመው የድጋፍና የግዥ ድርጅት ነው። ሥሩ የተተከለው በ1958 ሲኾን፥ የመጀመሪያ ሥራውም ለአባል መንግሥታት ጦር መሣሪያዎች መለዋወጫ ማቅረብና ማስጠገን ነበረ። መቀመጫው መጀመሪያ በፈረንሳይ ምድር ነበረ። በ1966 ፈረንሳይ ከማኅበሩ የጋራ የጦር አዛዥነት በወጣች ጊዜ ድርጅቱም ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ትንሿ አገር ወደ ሉክሰምቡርግ ተዛወረ፤ ዛሬም ዋናው ጽሕፈት ቤት በዚያው በካፔለን ይገኛል። በ2012 የመለዋወጫው፥ የጭነት አውሮፕላኑና የነዳጅ ቧንቧው ሥራ በሦስት ድርጅቶች ተከፍሎ የነበረው ወደ አንድ ተጠቃሎ፥ በአንድ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሥር ዋለ።

የድርጅቱ ሕግ አጭር ነው፤ ያለ ትርፍ፥ ያለ ኪሳራ ይሥራ ይላል። መንግሥታት የሚፈልጉትን ይነግሩታል፥ ገንዘቡን ያቀርቡለታል፤ እርሱም ጨረታ አውጥቶ፥ ውል ተዋውሎ፥ ዕቃውን ተረክቦ ያስረክባቸዋል። የሚጠቀመው ማን እንደ ኾነ በሀንጋሪ ያለው የፓፓ አውሮፕላን ጣቢያ ያሳያል። በዚያ ሲ-17 የሚባሉ ሦስት ታላላቅ የጭነት አውሮፕላኖች አሉ፤ ባለቤቶቻቸው ግን ዐሥራ ኹለት መንግሥታት ናቸው። ከእነዚህ መካከል እንደ ኢስቶንያና እንደ ስሎቬንያ ያሉት ትንንሽ አገሮች ለብቻቸው አንዱን አውሮፕላን እንኳ ገዝተው ሊያኖሩ አይችሉም ነበር። ዛሬ ግን በከፈሉት ልክ የበረራ ሰዓት ተመድቦላቸው እንደ ታላላቆቹ ይጠቀማሉ። እንዲሁም ቤልጅግን፥ ፈረንሳይን፥ ጀርመንን፥ ሉክሰምቡርግንና ኔዘርላንድን የሚያገናኝ ከ5,000 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የነዳጅ ቧንቧ በዚሁ ድርጅት አስተዳደር ሥር ነው። በሰላም ጊዜም ለመንገደኛ አውሮፕላን ጣቢያዎች ነዳጅ እያደረሰ ከወጪው ከፊሉን ይመልሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያሉ አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ነገር ሳያዩ ዐውቀውታል።

እንግዲህ የዚህ ጎተራ ሹም ሥራ ምንድር ነው? ብዙ ሰው የዕቃ ግምጃ ቤት ቍልፍ መያዝ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ከዚያ እጅግ የከበደ ነው። የጦር አዛዥ ተነሥ ሲለው የሚነሣ፥ ቁም ሲለው የሚቆም ወታደር አለው። የጋራው ጎተራ ሹም ግን የሚያዛቸው መንግሥታት የሉትም፤ የሚያዙት ሠላሳ ኹለት መንግሥታት አሉ እንጂ። የእያንዳንዱ መንግሥት ወኪል በድርጅቱ የበላይ ተቈጣጣሪ ጉባኤ ተቀምጦ፥ እያንዳንዱ የራሱን አገር ፋብሪካ፥ የራሱን ምክር ቤት፥ የራሱን በጀት እያሰበ ይናገራል። ይህን ሹመት በእኛ ዘንድ ከሚታወቀው ማዕርግ ጋራ ብናስተያየው ከጦር አዝማች ይልቅ የቤተ ክርስቲያንን ገበዝ ይመስላል። ገበዝ ዕጣኑን፥ ጧፉንና መገበሪያውን ያቀርባል፥ ንዋዩን ይጠብቃል፤ ከሚጠብቀው አንዳች እንኳ የራሱ አይደለም። የጎደለ እንደ ኾነ ግን ካህኑም ምእመኑም የሚጠይቁት እርሱን ነው። ሥልጣኑ የተመሠረተው በትእዛዝ ላይ ሳይኾን በመታመን ላይ ነው፤ መታመኑ የቀረ ቀን ቍልፉ በእጁ ቢኾንም ሹመቱ አልቋል።

በዚህ ሹም ፊት ከሚቆሙት ችግሮች የመጀመሪያው ባለቤቶቹን በአንድ ዕቃ ላይ ማስማማት ነው። የመድፍ ጥይትን ነገር እንመልከት። የማኅበሩ አገሮች ባለ 155 ሚሊ ሜትር መድፍ ይጠቀማሉ፤ ጥይቱም በስም አንድ ነው። ኾኖም በአንዱ አገር የተሠራው ጥይት በሌላው አገር መድፍ ላይ ያለ ተጨማሪ ፍተሻና ያለ ዐዲስ የተኩስ ስሌት እንደ ልብ የማይሠራበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህም የኾነው እያንዳንዱ መንግሥት የራሱን ፋብሪካ ለመጥቀም ትንሽ ትንሽ ልዩነት ስለ ጨመረበት ነው። በሰላም ጊዜ ይህ ልዩነት የማይታይ ወጪ ነው፤ በጦርነት ጊዜ ግን የሰው ሕይወት ነው። ሹሙ ይህን በትእዛዝ ሊያስቀረው አይችልም፤ በተባበረ ትእዛዝ የሚገኘውን የዋጋና የጊዜ ጥቅም በቍጥር እያሳየ፥ እየለመነና እየተከራከረ ማስቀረት አለበት።

ኹለተኛው ችግር ከጊዜ ጋራ ያለው ትግል ነው። በፌብሩዋሪ 2022 ሩስያ በዩክሬን ላይ ሙሉ ጦርነት በከፈተች ጊዜ የአውሮፓ መንግሥታት ግምጃ ቤታቸውን ከፍተው ቢያዩ ባዶነቱ ታወቃቸው። ብዙዎቹ ለሠላሳ ዓመት ያህል ሰላም የማይናወጥ መስሏቸው የጥይት ክምችታቸውን አሳንሰውት ነበር። በማርች 2023 የአውሮፓ ኅብረት በዐሥራ ኹለት ወር ውስጥ አንድ ሚሊዮን የመድፍ ጥይት ለዩክሬን እሰጣለሁ ብሎ ቃል ገባ፤ ቀጠሮው በደረሰ ጊዜ ግን የተሰጠው በግማሽ ገደማ ነበር። ቃል የገቡት ሰዎች ሐሰተኞች አልነበሩም፤ ፋብሪካ በንግግር እንደማይሠራ ዘንግተው ነበር እንጂ። ፋብሪካ ማሽን የሚጨምረው፥ ሠራተኛም የሚቀጥረው ለብዙ ዓመት የሚያስተማምን የግዥ ውል በእጁ ሲገባ ነው። የግዥ ድርጅቱ በጃንዋሪ 2024 220,000 ያህል የመድፍ ጥይት የሚገዛበትን የ1.1 ቢሊዮን ዩሮ ውል ተዋወለ። በዚያው ወር ለጀርመን፥ ለኔዘርላንድ፥ ለሩማንያና ለእስፓኝ እስከ 1,000 የሚደርስ የፓትሪዮት ሚሳይል የሚገዛበትንም ውል ፈረመ። ኹለቱም መልካም ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ጦርነቱ ከጀመረ ኹለት ዓመት ሊሞላ ወር ሲቀረው የተፈረሙ ናቸው፤ ማስረከቢያቸውም በሳምንት ሳይኾን በዓመት የሚቈጠር ነው። እንግዲህ በጎተራ ላይ የተሾመ ሰው ዋና ተግባሩ ረኀብ ሲገባ እህል መፈለግ ሳይኾን፥ በጥጋቡ ዘመን የረኀቡን ነገር እየተናገረ መሰልቸትን አለመፍራት ነው። ዮሴፍ በግብፅ የተመሰገነው በሰባቱ የረኀብ ዓመታት ስላከፋፈለ ብቻ አይደለም፤ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ስላከማቸ ነው።

ሦስተኛው ችግር ትልቁ ባለድርሻ ሐሳቡን የለወጠ እንደ ኾነ ምን ይደረጋል የሚለው ነው። ማኅበሩ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከሩቅ የሚመጣውን አውሮፕላን በራዳር የሚያዩ ልዩ አውሮፕላኖች አሉት፤ እነርሱም አርጅተዋል። በኖቬምበር 2023 በእነርሱ ፈንታ ስድስት ዐዳዲስ የአሜሪካ አውሮፕላኖች በዚሁ ድርጅት አማካይነት እንዲገዙ መወሰኑ ተገለጠ። በ2025 ግን አሜሪካ ራሷ ከዚህ ሐሳብ ወጣች፤ የቀሩትም መንግሥታት በዚያው ዓመት ኖቬምበር ግዥውን መተዋቸውና ሌላ መፈለግ መጀመራቸው ታወቀ። ኹለት ዓመት ሙሉ የተደከመበት ሥራ እንዲህ ሲቀር የሹሙ ብልሃት የሚለካው ባለመቈጣቱ ነው። ከመጀመሪያው ኹለተኛ መንገድ አዘጋጅቶ እንደ ኾነ፥ ውሉንም አንዱ ቢወጣ ሌሎቹ እንዳይወድቁ አድርጎ ጽፎ እንደ ኾነ በዚያን ጊዜ ይታወቃል።

አራተኛውና ከኹሉ የሚከፋው የእጅ ንጽሕና ጉዳይ ነው። በሜይ 2025 የቤልጅግ ዐቃቤ ሕግ፥ በድርጅቱ ውስጥ የሚሠሩ ወይም የሠሩ ሰዎች የግዥ ምስጢር ለጦር መሣሪያ ነጋዴዎች አሳልፈው ሰጥተዋል በሚል ጥርጣሬ ምርመራ መከፈቱንና ሰዎች መያዛቸውን ገለጠ፤ ምርመራው ወደ ሌሎችም አገሮች የተዘረጋ ነበረ። የማኅበሩም ዋና ጸሐፊ ምርመራውን ያነሣሣው ድርጅቱ ራሱ መኾኑን ተናገሩ። ጥርጣሬ ፍርድ አይደለምና በማንም ላይ አንፈርድም። ነገር ግን የነገሩ አመጣጥ ለኹሉ ትምህርት ነው። መንግሥታት ለብዙ ዓመት እጃቸውን ሰብስበው ኖረው በድንገት ብዙ ቢሊዮን አምጥተው ቶሎ ግዛ ሲሉ፥ ገንዘቡ ከጠባቂው ቍጥር በላይ ይበዛል። ጨረታው ምስጢር ነው፥ ዕቃው ምስጢር ነው፥ ዋጋውም ምስጢር ነው ሲባል ሌባ ጨለማውን እንደ ካባ ይደርበዋል። ትላንት ገዢ ኾኖ የተቀመጠው ሹም ነገ የሻጩ አማካሪ ኾኖ የሚገባ ከኾነ ደግሞ ዛሬ ለማን እንደሚሠራ ማን ያውቃል?

ባገራችን ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል የሚል ክፉ ተረት አለ። ይህን ተረት እንደ ጥበብ የሚጠቅሱ ሰዎች መኖራቸው ያሳዝናል። የግል ጌታን ገንዘብ የበላ ሹም አንድ ጌታ ይበድላል፤ የጋራውን ጎተራ የበላ ግን ሠላሳ ኹለት ባለቤቶችን ብቻ አይበድልም፥ የባለቤቶቹንም መተማመን ይበላል። የጠፋ ገንዘብ በበጀት ይተካል፤ የጠፋ መተማመን ግን በበጀት አይተካም። እያንዳንዱ መንግሥት እንግዲያውስ ለብቻዬ እገዛለሁ ብሎ ወደ ቀድሞው መፎካከር ይመለሳል፥ ዋጋው ይንራል፥ ትንንሾቹም አገሮች ያለ ጥይትና ያለ አውሮፕላን ይቀራሉ። በመጨረሻ ዕዳውን የሚከፍለው በምሽግ ውስጥ ተቀምጦ ነገ የሚመጣለትን ሣጥን የሚጠብቀው ወታደር ነው።

አንዳንድ ሰዎች፥ በጦርነት ጊዜ ሒሳብ ማጥበቅ ሥራን ማዘግየት ነው፤ ይልቅስ ለሹሙ ሙሉ ሥልጣን ሰጥቶ በኋላ መጠየቅ ይሻላል ይላሉ። ይህ አነጋገር ፈጽሞ ውሸት ነው አንልም፤ በሰባት ማኅተም ካልታሸገ አንድ ጆንያ ዱቄት የማያወጣ ግምጃ ቤት ሠራዊትን በረኀብ ይፈጃል። ነገር ግን ፍጥነትና ምርመራ ጠላቶች አይደሉም። ሥራን የሚያዘገየው የማይታወቅ ሥርዐት ነው እንጂ የታወቀ ሥርዐት አይደለም። ዋጋው በማን እንደሚወሰን፥ ጨረታውን ማን እንደሚከፍት፥ ዕቃውን ማን እንደሚረከብ አስቀድሞ የተጻፈ ከኾነና እነዚህ ሦስቱ ሦስት ሰዎች ከኾኑ ሥራው ይፈጥናል፤ እያንዳንዱ ድርሻውን ስለሚያውቅ ፊርማውን አይፈራምና። መዝገቡ በንጹሕ የተያዘ ሹም መርማሪ መጣ ሲባል አይደነግጥም፤ እንዲያውም መርማሪው ምስክሩ ነው።

እንግዲህ ለዚህ ሹመት የሚመረጠው ሰው ሦስት ነገር ሊኖረው ይገባል እንላለን። አንደኛ የግዥን ሥራ ከታች ጀምሮ የሚያውቅ ይኹን፤ የዋጋን ነገር ያላወቀ ሰው በቅን ልቡና እንኳ ይታለላልና። በ2021 በዚህ ድርጅት ላይ የተሾሙት ስቴሲ ከሚንግስ አስቀድመው በአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስቴር በግዥ ሥራ ከፍተኛ ባለሥልጣን የነበሩ ናቸው። ከጦር ሜዳ ዝና ይልቅ የግዥ ዕውቀት ለዚህ ወንበር እንደሚፈለግ ከዚህ ይታያል። ኹለተኛ ከአገሩ በላይ ማሰብ የሚችል ይኹን፤ የተወለደበት አገር ፋብሪካ በጨረታ ሲሸነፍ ሳይከፋው የሚፈርም እጅ ያስፈልገዋል። ሦስተኛ የማይመቸውን እውነት ለሿሚዎቹ ለመንገር የሚደፍር ይኹን። ጎተራው ባዶ ሲኾን ሙሉ ነው ብሎ የሚያስደስት ሹም ከሌባ የማይሻል ነው።

ሿሚዎቹም ግዴታ አለባቸው። የሚፈልጉትን በጊዜው ካልነገሩት፥ ገንዘቡን በቀጠሮ ካልከፈሉት፥ የቤት ውስጥ መርማሪውንም በሰውና በደመወዝ ካላጠናከሩለት፥ ነገሩ በተበላሸ ጊዜ ሹሙን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይደለም። ጎተራ የሚሠራው በአናጢው ብቻ ሳይኾን እንጨቱን በሚያቀርቡትም ነው።

ይህ ኹሉ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ እንዳይመስለን። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫው አዲስ አበባ ነው፤ ኅብረቱም ለሰላም አስከባሪ ጦሩ የሚኾነውን ዕቃ የሚያከማችበትን የአህጉሩን የስንቅና የትጥቅ ማዕከል በ2018 በካሜሩን በዱዋላ ከተማ አስመርቋል። በሶማሌ ምድር የኅብረቱን ዓርማ ለብሰው ከዘመቱት መካከል ከ2014 ጀምሮ የኢትዮጵያ ወታደሮች ነበሩበት። የዚያ ጦር አበልና ስንቅ በአብዛኛው ይመጣ የነበረው ከአውሮፓ ኅብረትና ከተባበሩት መንግሥታት እጅ ነበረ። ደሙን አፍሪካዊ እየሰጠ ስንቁን ሌላ የሚሰፍርለት ከኾነ ዘመቻው የሚቆምበትንም ቀን የሚቈርጠው ሰፋሪው ነው። ስለዚህ አፍሪካውያን መንግሥታት የጋራ ጎተራቸውን መሙላት ሲጀምሩ፥ የሌሎችን ስሕተት በራሳቸው ወጪ እንደገና መማር አይገባቸውም። መጋዘኑን ከመሥራት አስቀድመው መዝገቡን፥ መዝገቡንም ከመክፈት አስቀድመው የሚታመነውን ሰው ይፈልጉ።

በመንግሥት ሥራም ኾነ በቤተ ክህነት የሌላውን ንብረት በዐደራ የምንጠብቅ ኹሉ፥ ሚዛኑ ትንሽም ቢኾን ሕጉ አንድ ነው። የጋራ ገንዘብ ባለቤቱ የማይታይ ስለ ኾነ ባለቤት የሌለው ይመስላል፤ ባለቤቱ ግን ነገ በጨለማ ምሽግ ውስጥ እጁን ወደ ጥይት ሣጥኑ የሚሰድደው ሰው ነው። ያ እጅ ባዶ እንዳይመለስ የሚተጋ ሹም፥ ስሙ በአደባባይ ባይጠራም፥ ከድሉ ድርሻ አለው። እንዲህ ያለውን ሰው መርጦ መሾም፥ ከሾሙም በኋላ መርዳትና መመርመር፥ የመንግሥታት ኹሉ ተግባር ነው።